ጢስ ዓባይ፦ የፏፏቴው ድርሻ ስንት ነው?

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በ1969 ዓ.ም. የወጣውን የአንድ ብር ኖት በእጁ ይዞ የማያውቅ ጎልማሳ ኢትዮጵያዊ አይገኝም ማለት ይቻላል። በኖቱ ጀርባ ላይ የታተመው ሥዕል የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። ገበሬው እህሉን ሸጦ፣ ተማሪው ደብተር ሊገዛ፣ ተሳፋሪው ለአውቶቡስ ሊከፍል ሲቀባበሉት የኖሩት ያ ወረቀት፣ ሥፍራውን ሄዶ ላላየው ሁሉ ፏፏቴውን አሳይቷል። ሥዕሉ ግን በዝምታ አንድ ቃል ይገባል፤ ይኸውም ወደ ሥፍራው የሄደ ሰው በገደሉ ላይ የተዘረጋ ነጭ መጋረጃ የሚያይ መሆኑን ነው። ይህ ቃል ከእ.ኤ.አ. 2001 ወዲህ በብዙ የበጋ ቀናት ሳይፈጸም ቀርቷል። ለዚህም ምክንያቱ የዝናብ ማነስ ብቻ አይደለም፤ የመሐንዲስ ስሌትም ነው። ስለሆነም ጉዳዩ የጎብኚዎችና የአስጎብኚዎች ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የዚህ ማኅበር አባላትም ጉዳይ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ፏፏቴውን ለማየት ከገደሉ ሥር የሚወርድ ሰው ምን እንደሚያገኝ፣ ያ ያገኘው ነገር በምን ሕግ እንደተሠራ፣ ከእርሱም ላይ ምን ያህሉ ለምን እንደተወሰደ በቅደም ተከተል መርምሮ አንድ ጥያቄ ለማቅረብ ነው።

መንገዱና ገደሉ

የጢስ ዓባይ መንደር ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከመንደሩ ወደ ፏፏቴው የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከፏፏቴው በላይ ወንዙ ረጋ ብሎ በሚፈስበት ቦታ በጀልባ የሚያሻግረው ነው። ሁለተኛው በእግር ቁልቁል ወርዶ በአሮጌው የድንጋይ ድልድይ የሚያልፈው ነው። መሐንዲስ የሆነ ጎብኚ ሁለተኛውን ቢመርጥ ይጠቀማል።

በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1626 ገደማ፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራው የዓላታ ድልድይ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል። በዚህ ድልድይ ላይ የሚያስደንቀው የግንቡ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ የቦታው አመራረጥም ነው። ከፏፏቴው አፋፍ ላይ በክረምት እስከ 400 ሜትር ስፋት ያለው ወንዝ ጥቂት ወረድ ብሎ በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተጨምቆ ያልፋል። ግንበኞቹ ወንዙ ራሱ የጠበበበትን ቦታ ፈልገው ቅስታቸውን በዚያ አሳረፉ። ዛሬ ብዙ መሣሪያ ይዞ የሚሄድ ቀያሽ ከዚህ የተሻለ ቦታ ሊመርጥ አይችልም ነበር።

ከድልድዩ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል። ከኮረብታው ጫፍ ሲደረስ፣ ውኃው በሚበዛበት ወቅት፣ አስቀድሞ የሚሰማው ድምፁ ነው፤ ቀጥሎ ጢስ የመሰለው ርጭት ይታያል፤ ፏፏቴው ራሱ የሚታየው ከሁሉም በኋላ ነው። ቦታው ስሙን ያገኘው ከዚህ ርጭት ነው። ውኃው ከ40 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ከጥቁር የባሳልት ግድግዳ ላይ ይወርዳል። ግድግዳው ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋ ድንጋይ ነው። የጣና ሐይቅን ወደ ደቡብ የዘጋውም የዚሁ ዓይነት ድንጋይ ነው። ስለዚህ ሐይቁና ፏፏቴው የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

ገንዳው

ጎብኚዎች አብዛኛውን ጊዜ ከኮረብታው ላይ ቆመው ፎቶግራፍ አንሥተው ይመለሳሉ። በበጋ ውኃው ሲቀንስ ግን እስከ ገደሉ ሥር መውረድ የሚፈልጉም አሉ። በዚያም ውኃው በዘመናት ብዛት ድንጋዩን ፈልፍሎ የሠራውን ጥልቅ ገንዳ ያገኛሉ። በፀሐይ ሲጓዝ ለቆየ ሰው ያ ውኃ ብርቱ ፈተና ነው፤ ልብሱን አውልቆ ለመግባት ይቸኩላል። ይህ ገንዳ ግን ከመግባት በፊት መመርመር የሚገባው ነገር ነው።

ከ42 ሜትር ከፍታ የሚወርድ ውኃ፣ የአየርን መከላከል ከስሌት ብናወጣ፣ ከሥር ሲደርስ በሰከንድ 28.7 ሜትር ይጓዛል፤ ይህም በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በእያንዳንዱ ሰከንድ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ቢወርድ 412 ኪሎዋት ያህል ኃይል ከገንዳው ላይ ያርፋል። ይህ ኃይል አንድ ቦታ መጥፋት አለበት። መጀመሪያ በድንጋዩ ስንጥቆች ውስጥ ግፊት እየፈጠረ ቋጥኙን ይነቅላል፤ የነቀለውንም እያንከባለለ እንደ ወፍጮ ታችኛውን ድንጋይ ይፈጭበታል። ገንዳው እየጠለቀ ሲሄድ በውስጡ ያለው ውኃ ራሱ እንደ ትራስ ሆኖ የሚወርደውን ይቀበላል፤ ያን ጊዜ መፈልፈሉ ይዘገያል። እንግዲህ የገንዳው ጥልቀት በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ወንዙ በብዙ ክረምቶች ያወረደው ውኃ በድንጋይ ላይ የተጻፈበት መዝገብ ነው። መሐንዲሶች ከግድብ ማስተንፈሻ ሥር የሚሠሩት የኃይል ማብረጃ ገንዳም ትምህርቱን ያገኘው ከዚሁ ነው።

ስለዚህ ገንዳ የቆየ ክርክር አለ። በ17ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ካህን ጄሮኒሞ ሎቦ ከሚወርደው ውኃ ጀርባ፣ ከዐለቱ ሥር ገብቶ እንደተቀመጠና ቀስተ ደመናውን እንደተመለከተ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1770 በግንቦት ወር ወደ ሥፍራው የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን ይህን ፍጹም ሐሰት ነው ብሎ ነቀፈው። ገንዳው እስከ ዐለቱ እግር ድረስ ጥልቅና ሁልጊዜ የሚናወጥ በመሆኑ ማንም ሰው ዋኝቶ ከዚያ ሊደርስ አይችልም የሚል ነው ክርክሩ። ብሩስ ራሱ ግን የፏፏቴውን ከፍታ 40 ጫማ ገደማ፣ ማለትም 12 ሜትር ያህል ብሎ ጽፏል፤ ይህም ከእውነተኛው ከፍታ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ሌላውን በሐሰት የከሰሰ ሰው በራሱ ልኬት እንዲህ መሳቱ ለባለሙያ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚህም ሌላ ብሩስ ወንዙ በዝናብ ሞልቶ ያለ ክፍተት ሲወርድ እንዳየው ይናገራል። ሎቦ በበጋ መጥቶ ከሆነ ሁለቱም ያዩትን ጽፈው ሊሆን ይችላል። የአንድ ወንዝ ሁኔታ የሚነገረው ወሩና የውኃው መጠን አብሮ ሲነገር ብቻ ነው።

መዋኘትን የሚመለከተው የብሩስ ቃል ግን ከመሠረቱ ትክክል ነው። በወንዝ ዳር ያደገ ሽማግሌ በእንግዳ ሰው «አባቴ፣ እዚህ ገብቶ መታጠብ ይቻላል?» ተብሎ ቢጠየቅ «ልጄ፣ ውኃው ከነጣበት አትግባ፤ ከጠቆረበትም ሳትጠይቅ አትግባ» ብሎ ይመልሳል። የሽማግሌው ምክር በፊዚክስም የተደገፈ ነው። የነጣው ውኃ አየር የተቀላቀለበት ነው። ከመጠኑ 30 በመቶው አየር ቢሆን የአንድ ሜትር ኩብ ክብደት ከ1,000 ኪሎ ግራም ወደ 700 ይወርዳል፤ በተራ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ሰውነትም በዚያ ውስጥ ይሰምጣል። በተጨማሪም ከሚወርደው ውኃ አጠገብ የገንዳው የላይኛው ፈሳሽ ወደ ፏፏቴው እግር ይመለሳል፤ ዋናተኛውንም ይዞት ይሄዳል። የጠቆረው ውኃ ደግሞ ጥልቀቱ የማይታይ፣ ከሥሩም የተቦረቦረ ዐለት ሊኖርበት የሚችል ነው። ስለዚህ የሚታጠብ ሰው ከገንዳው ርቆ፣ ውኃው ተረጋግቶ መሬቱ በሚታይበት፣ የአገሩ ሰዎች በሚያሳዩት ቦታ ብቻ መሆን አለበት።

ሦስተኛው አደጋ ግን ሽማግሌው በወጣትነቱ የማያውቀው፣ መሐንዲስ የፈጠረው ነው፤ ይኸውም በድንገት የሚጨምር ውኃ ነው። ከፏፏቴው በላይ ወደ ኃይል ማመንጫ የተጠለፈ ውኃ፣ ተርባይኑ በማናቸውም ምክንያት ሲቆም፣ መግቢያው ተዘግቶ ወደ ጥንት መንገዱ ይመለሳል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ የዝናብ ምልክት ሳይታይ፣ በገንዳው ዳር የተቀመጠ ሰው ውኃው ሲነሣበት ሊያይ ይችላል። በዚህ ምክንያት የኃይል ማመንጫ ባለበት ወንዝ ላይ የማስጠንቀቂያ ደወልና በግልጽ የተጻፈ ሰሌዳ መኖር የሥራው አካል እንጂ ትርፍ ጌጥ ተብሎ መታየት የለበትም።

ውኃው የት ሄደ?

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ መድረስ ይገባል። በመጋቢት ወር መጥቶ ከሰፊው ጥቁር ግድግዳ ላይ ቀጭን ውኃ ሲንጠባጠብ ያገኘ ጎብኚ «ውኃው የት ሄደ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ 11.4 ሜጋዋት የሚያመነጭ ነበር። የፏፏቴውን ተፈጥሯዊ ከፍታ በመጠቀም ከወንዙ ጥቂቱን ብቻ ስለሚወስድ የፏፏቴው መልክ ብዙም አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ1996 የጣና ሐይቅን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨራ ጨራ ግድብ በሁለት በሮች ሥራ ጀመረ፤ በ2001 አምስት በሮች ተጨመሩለት። በዚሁ ዓመት 72 ሜጋዋት ያህል የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ተከፈተ። ፏፏቴው በግልጽ የቀጠነው ከዚህ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ተመርቆ፣ የሐይቁ ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ መወሰድ ጀመረ።

ይህን የሠሩትን ሰዎች መፍረድ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ሚዛናዊ አይሆንም። በ2001 የአገሪቱ ጠቅላላ የማመንጨት አቅም በመቶዎች ሜጋዋት የሚቆጠር ነበር። በዚያን ጊዜ 72 ሜጋዋት ማለት በብዙ ከተሞች የሚበራ መብራት፣ የሚዞር ወፍጮ፣ የማይቋረጥ የሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ማለት ነበር። የበለስም ስሌት ግልጽ ነው። አንድ ሜትር ኩብ በሰከንድ በጢስ ዓባይ በ46 ሜትር ከፍታ ቢወርድ፣ የማሽኑ ብክነት ሳይቀነስ፣ 0.45 ሜጋዋት ይሰጣል፤ ያው ውኃ በበለስ በኩል በ311 ሜትር ከፍታ ቢወርድ 3.05 ሜጋዋት ይሰጣል። ልዩነቱ ሰባት እጥፍ ያህል ነው። ይህን ቁጥር አይቶ ሌላ መንገድ የሚመርጥ መሐንዲስ ጥቂት ነው።

ችግሩ ስሌቱ ስሕተት መሆኑ አይደለም፤ ያልተሟላ መሆኑ ነው። ከዕቅድ ጥናቶቹ አንዱ እንደሚያሳየው ከሐይቁ በዓመት በአማካይ 3,732 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይወጣል፤ ከዚህም 2,985 ሚሊዮን ወደ በለስ እንዲሄድ ታቅዷል። ለዓባይ የሚቀረው 747 ሚሊዮን ነው። በሌላ በኩል የዓለም አቀፉ የውኃ አስተዳደር ተቋም ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ፏፏቴው ባለበት የወንዙ ክፍል ያለው ሕይወት መሠረታዊ ተግባሩን እንዲቀጥል በዓመት 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ ማለትም ከአማካዩ ፍሰት 22 በመቶ እንደሚያስፈልግ ገምተዋል። በደረቅ ዓመት እንኳ በየትኛውም ወር ቢያንስ 3.7 ሜትር ኩብ በሰከንድ መውረድ እንዳለበትም አስፍረዋል። ከግድቡ በታች እንደ አንዳሳ ያሉ ገባሮች የሚጨምሩት ውኃ ቢኖርም፣ ሁለቱ ቁጥሮች በጣም የተቀራረቡ መሆናቸውን ማንም ያያል።

ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን በዚሁ ጥናት ውስጥ በግልጽ የተነገረ አንድ ነጥብ ነው። ይህ ግምት ለፏፏቴው ውበት ምንም ድርሻ አልተወም። አጥኚዎቹ ይህን ሳይደብቁ መናገራቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ትርጉሙን በቁጥር መረዳት ይቻላል፤ 3.7 ሜትር ኩብ በሰከንድ በ400 ሜትር ጠርዝ ላይ እኩል ቢዘረጋ ለአንድ ሜትር ከ10 ሊትር ያነሰ በሰከንድ ይደርሳል። ውኃው ደግሞ እኩል አይዘረጋም፤ በዝቅተኛው ቦይ ተሰብስቦ ይወርዳል። ዓሣው ይኖር ይሆናል፤ መጋረጃው ግን አይኖርም።

ለዓይን የሚሰጥ ውኃ

ለዓይን ውኃ መስጠት ቅንጦት የሚመስለው ሊኖር ይችላል። ሆኖም በዓለም ላይ ይህን በሕግ የወሰኑ አገሮች አሉ። አሜሪካና ካናዳ የሚጋሩት የናያጋራ ፏፏቴ በሁለቱም ወገን ታላላቅ የኃይል ማመንጫዎች ያሉበት ነው። ሁለቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1950 በፈረሙት ውል፣ ጎብኚ በሚበዛበት ወቅት በቀን ሰዓት ቢያንስ 100,000 ኩብ ጫማ በሰከንድ፣ ማለትም 2,832 ሜትር ኩብ ያህል በፏፏቴው ላይ እንዲወርድ፣ በሌላው ጊዜ ግን የዚህ ግማሽ እንዲበቃ ተስማምተዋል። ተርባይኖቹ ሌሊቱንና ክረምቱን ይጠቀማሉ፤ ተመልካቹ ቀኑን ይጠቀማል። የውኃው መጠን ከጢስ ዓባይ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሐሳቡ ግን በቀጥታ ሊወሰድ የሚችል ነው፤ የማየት ፍላጎት በቁጥር ተጽፎ፣ ሰዓት ተመድቦለት፣ እንደ ማንኛውም ሌላ ተጠቃሚ በሰንጠረዡ ውስጥ ገብቷል።

ለጢስ ዓባይ ዋጋው ምን ይሆናል? ለምሳሌ በቀን 8 ሰዓት ተጨማሪ 10 ሜትር ኩብ በሰከንድ ለፏፏቴው ቢተው፣ ይህ ውኃ በበለስ ቢሄድ ኖሮ ሊያመነጭ የሚችለው ወደ 27 ሜጋዋት ነው፤ በ8 ሰዓት 220 ሜጋዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። ይህ ቀላል ቁጥር ባለመሆኑ ቀላል ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ይታሰቡ። አንደኛ፣ በፏፏቴው የወረደው ውኃም ሆነ በበለስ የሄደው መጨረሻው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የተመረቀው የታላቁ የህዳሴ ግድብ ሐይቅ ነው፤ ስለዚህ ለፏፏቴው የተተወ ውኃ ሙሉ በሙሉ የባከነ አይደለም። ሁለተኛ፣ ከ5,000 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ያላት አገር፣ በ2001 ልትከፍለው ያልቻለችውን ዋጋ ዛሬ እንደገና ልትመዝን ትችላለች።

በሚዛኑ ሌላ ጎን ያለውም ሊዘነጋ አይገባም። በጀልባ የሚያሻግረው፣ መንገድ የሚመራው ወጣት፣ በመንገድ ዳር ጋቢና ቅል የምትሸጠው ሴት ኑሯቸው በፏፏቴው ላይ የቆመ ነው። የኃይል ማመንጫው ምርት በሜትር ይቆጠራል፤ የእነርሱ ኪሳራ ግን በየትኛውም ሰሌዳ ላይ አይታይም። ሜትር የሌለው ኪሳራ ደግሞ በስሌት ጊዜ ዜሮ ሆኖ ይገባል።

ስለዚህ ለማኅበሩ አባላት ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ፏፏቴን ወይም ሰዎች የሚገናኙበትን ወንዝ የሚነካ ማናቸውም ንድፍ በውኃ ድልድል ሰንጠረዡ ውስጥ ለመስኖ፣ ለኃይልና ለሥነ ሕይወት ከሚተወው ዓምድ ቀጥሎ ለእይታ አንድ ዓምድ ይኑረው፤ ቁጥሩ ዜሮ ቢሆን እንኳ በፊርማ የተጻፈ ዜሮ ይሁን። ሁለተኛ፣ ውኃ የሚለቀቅበት ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ለሕዝብ ይነገር። ከጨራ ጨራ በሮች እስከ ፏፏቴው ውኃው ለመድረስ ሰዓታት ስለሚፈጅበት ይህ በዕቅድ የሚሠራ እንጂ በስልክ ትእዛዝ የሚፈጸም አይደለም። ሦስተኛ፣ ከፏፏቴው ሥር የማስጠንቀቂያ ደወልና የመታጠቢያውን ክልል የሚለይ ምልክት ይቁም።

ክቡራን አባላት፤ «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። በጢስ ዓባይ ያለው ትልቁ አደጋ የፏፏቴው መቅጠን ብቻ አይደለም፤ ቀጥኖ ብቻ የሚያየው ትውልድ ፏፏቴው ከጥንትም እንዲሁ ነበር ብሎ ማመኑ ነው። ያን ጊዜ የሚከራከርለት አይገኝም። ከገደሉ ሥር ያለው ገንዳ ግን ይመሰክራል። በመጋቢት የሚወርደው ቀጭን ውኃ ያን ጥልቀት ሊፈለፍል እንደማይችል መሐንዲስ የሆነ ሁሉ አንድ ጊዜ አይቶ ያውቃል። የጨራ ጨራን በሮች የሚከፍትና የሚዘጋ ውሳኔ የሚሰጥ ባለሙያ፣ ውሳኔውን ከመፈረሙ በፊት አንድ ቀን በዓላታ ድልድይ አልፎ ወደዚያ ገንዳ ቢወርድ መልካም ነው። ስሌቱን ይለውጥ ይሆናል፤ ላይለውጥም ይችላል። ምን እንደፈረመ ግን ያውቃል።